«ልቀቀው» ያልሁት ለሸሀቡ ነበር

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎንደር በተኛበት ሆስፒታል፣ ሐኪሙ የሸሀቡን የግራ እግር አውራ ጣት በመርፌ ጫፍ ነካው። ሸሀቡ አልተሰማውም። ቀኙን ሲነካው «አዎ፣ ይሄ ይሰማኛል» አለ። ይህን የነገረችኝ አልጋው አጠገብ የነበረችው እማ ናት። ስልኩን እንደዘጋሁ ይህን ወረቀት አወጣሁ።

ውድ እህቴ ፈይዛ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት ቤት፣ በምትገቢበትና በምትወጪበት ደጅ ሁሉ አይለይሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? አሠሪዎችሽ የባልሽን መጎዳት ከሰሙ ወዲህ እንዴት ይዘውሻል? የጅዳው ሙቀት እንኳ ትንሽ በረደልሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ በሕይወት አለን። ከዚህ አልፌ «ደህና ነን» ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል፣ እታለም። እዚህ ቤት ደህና የሆነ ሰው የለም።

በስልክ «ሸሀቡ ሥራ ላይ ወድቆ ተጎድቷል» ብዬሻለሁ። አንቺ «እንዴት ወደቀ?» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ሦስት ጊዜ «ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ነው» አልሁሽ። ኔትዎርኩ ደህና ነበር። ድምፅሽን እየሰማሁ መናገር አቅቶኝ ነው። ከቤትሽ ሁለት ቤት አልፋ የምትሠራው የዳባቷ ልጅ ነገ እሑድ ከጎንደር ትነሣለች፤ ደብዳቤውን ሰኞ እጅሽ ላይ አደርሳለሁ ብላኛለች። ሰኞ መድረሱ ለምን እንደሚያስፈልግ ስትጨርሺው ይገባሻል።

ሥራችንን ላስረዳሽ፤ አንቺ ስትሄጂ እንዲህ አልነበረም። አንቺ የምታውቂው አርማታ በባሬላ ሲወጣ ነው፤ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ተሸክሞ በእንጨት መወጣጫ። ዘንድሮ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ለሚሠራው ሆቴል ፓምፕ መጣ። መንገድ ላይ የሚቆም ባለ ሞተር ነገር ነው። አርማታውን በብረት ቧንቧ በግድግዳው ሽቅብ ይገፋውና ፎቁ ላይ በወፍራም ጎማ ይተፋዋል። የጎማውን ጫፍ አንድ ሰው አቅፎ ይይዛል፤ እያፈሰሰ ወደ ኋላው ይሄዳል። ያ ሰው ባልሽ ነበር። ከፊቱ ያለው እርጥብ አርማታ ስለሆነ መሄጃው ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጀርባውን ለጠርዙ ሰጥቶ ነው የሚሠራው።

ፓምፑን የሚነዳው ላቀው ይባላል፤ የጎንደር ልጅ ነው፣ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ታች መንገዱ ላይ ስለሚቆም ፎቁን አያየውም። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚጮህለት ጠሪ ያስፈልገዋል። ጠሪው እኔ ነበርሁ። ቃሎቻችን ሁለት ናቸው። «ልቀቅ» ሲባል ፓምፑ ይገፋል፤ «ያዝ» ሲባል ይቆማል። ቃሎቹ ከድሮ የቀሩ ናቸው፤ ባልዲ በገመድ ስናወርድ «ልቀቅ»፣ «ያዝ» እንባባል ነበር። ማሽኑ ሲለወጥ ቃሉም መለወጥ እንዳለበት ማንም አላሰበም። እኔም አላሰብሁም።

አብራን የምትሠራ ወርቄ የምትባል ሴት አለች፤ ከዳባት መጥታ እዚህ ደባርቅ የተቀመጠች፣ አፏ የማያርፍ። በመጀመሪያው ቀን የፓምፑን ሰው ስም ስትሰማ «እሰይ! ስሙ ላቀው፣ ሥራው ልቀቀው! እናቱ ለፓምፕ ተስለው ነው እንዴ የወለዱት?» አለች። ከዚያ ወዲያ ሥራ ቦታው በሙሉ «ላቀው ልቀቀው» ሆነ። ምሳ ሲዘገይ «ላቀው ልቀቀው»፤ ሲሚንቶ የጫነው መኪና ጭቃ ሲይዘው «ላቀው ልቀቀው»። ሸሀቡ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ላቀው ራሱ «ቀበሌ ሄጄ ስሜን ያዘው ካላስባልሁ እናንተ ሰላም አትሰጡኝም» ይል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስሙንና ቃሉን አብረን ስንጠራ ከረምን። ያኔ ጨዋታ ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ልንወጣ ስንል፣ የሥራ ቦታው ኃላፊ ሀብተ ሚካኤል ጠራን። በፎቁ ጠርዝ ዙሪያ እስከ ወገብ የሚደርስ የባሕር ዛፍ አጥር ነበረን። ቧንቧው በሚታጠፍበት በኩል አጥሩ ለጎማው እንቅፋት ሆኖ ነበር። «እነዚህን አራት እንጨቶች ንቀሉና ታች ለድጋፍ አድርጓቸው፤ አርማታው ሲያልቅ ትመልሷቸዋላችሁ» አለን። ሦስት ሆነን ነቀልናቸው። አንዱ እኔ ነኝ።

ቀበቶም ነበረው። «አልታጠቀም» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትመኚ፤ ወገቡ ላይ ነበር። ነገር ግን የቀበቶው ገመድ ሁለት ሜትር ነው፤ ሊታሰርበት የሚችለው የምሰሶ ብረት ከጠርዙ አምስት ሜትር ይርቃል። ሐሙስ እስከ ሦስት ሰዓት ታስሮ ሠራ። ከዚያ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ገመዱ አልበቃ ሲለው ፈታው። ሀብተ ሚካኤል ሲፈታ አይቶ «ተጠንቀቅ እንግዲህ» አለው። እኔም አየሁ፤ እኔ ያንኑ እንኳ አላልሁም።

ሐሙስ ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጎማው ታነቀ። ጠጠሩ ወፍራም ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ የሌሊቱ ውርጭ ነው የሚሉም አሉ። «ያዝ!» ብዬ ጮህሁ፤ ፓምፑ ቆመ። ላቀው ፓምፑን ወደ ኋላ እንዲስብ አድርጎ ሞከረው። «ልቀቅ» አልሁት። ጎማው ተነፋ፤ ግን ምንም አልወጣም። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሸሀቡ በሁለት እጁ አቅፎታል፤ ተረከዙ ከጠርዙ አንድ ክንድ አይርቅም። እኔ ከእሱ ስድስት እርምጃ ላይ ነበርሁ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱን አየሁት፤ «ሸሀቡ፣ ልቀቀው! ልቀቀው!» ብዬ በሙሉ ድምፄ ጮህሁ።

ጎማውን ልቀቀው ማለቴ ነበር፣ እታለም። ጎማውን ጣለውና ወደ እኔ ና ማለቴ ነበር። በዚያች ሰዓት ለላቀው «ያዝ» ማለት ነበረብኝ። ለላቀው ምንም አላልሁም።

ታች የሞተሩ ጩኸት አለ። በዚያ መሃል ላቀው የደረሰው «ልቀቀው» ነው። ስሙን የጠራሁትም መስሎት ይሆናል። የለመደው ቃል፣ የለመደው ድምፅ፤ ግፊቱን ጨመረው። የታነቀው ባንዴ ተፈናጠረ፤ ጎማው ተገልብጦ ሸሀቡን ደረቱ ላይ መታው። ከዚያ ጠርዙ ላይ ማንም አልነበረም። የጎማው ጫፍ ብቻ አርማታ እየተፋ ይወራጭ ነበር። አየሁት እንጂ አላመንሁም። አሁንም፣ ዘጠኝ ቀን አልፎ፣ እጄ ሲጽፈው ዓይኔ ያያል እንጂ ልቤ አልተቀበለውም።

ከጠርዙ እስከ መሬት ሰባት ሜትር ከሃያ ነው፤ በኋላ ተለክቷል። የወደቀው አሸዋ ክምር ላይ ነው። ከአሸዋው አንድ እርምጃ ቀኝ በኩል የተከመረው ጠጠር ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ስደርስ ዓይኑ ተገልጦ ነበር። «ፈሀድ፣ ጫማዬ የት ሄደ?» አለኝ። ጫማው እግሩ ላይ ነበር።

ልናነሣው ስንሻማ ወርቄ ከላይ እየሮጠች መጣች። «አትንኩት! ወገቡን ትሰብሩታላችሁ! ሳንቃ አምጡ፣ እናንተ ደንቆሮዎች፣ ሳንቃ!» ብላ ጮኸችብን። የአርማታ ማፍሰሻ ሳንቃ አመጣን፤ ነጠላዋን ቀድዳ ከሳንቃው ጋር አሰረችው። ሐኪሙ በኋላ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ስሟን ነገርሁት። አምቡላንሱ ዳባትንና ኮሶዬን አልፎ ጎንደር እስኪገባ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በየጉድጓዱ ሲነጥር ሸሀቡ ጥርሱን ነክሶ ይቆያል፤ ሲረጋጋ «ለፈይዛ ማን ነገራት?» ይለኛል። አራት ጊዜ ጠየቀኝ። አራቱንም ጊዜ «ማንም አልነገራትም» አልሁት።

አከርካሪው ላይ ስብራት አለ። እብጠቱ እስኪጎድል ቀዶ ጥገናው ይቆይ ብለዋል። ስለ እግሩ ቁርጥ ያለ ነገር የተናገረ ሐኪም የለም፤ እኔም ያልተባለውን ጨምሬ አልጽፍልሽም።

በማግስቱ ዓርብ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መጣች፤ ፈጣን ያልሆነች፣ ሁሉን በሜትር የምትለካ ሴት። የአጥሩ እንጨቶች የተተከሉባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች «አራት» አለች። ቀና ብላ «ማን ነቀላቸው?» ስትል ሁላችንም ጫማችንን አየን። እኔም ጫማዬን አየሁ። ሥራውን አሸገችውና አጣሪ ኮሚቴ እንዲሰበሰብ አዘዘች።

ላቀው ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ነው። «ሳይታዘዝ ግፊት ጨመረ» ተብሎ ነው የተያዘው። እሱ የሰጠው ቃል «ልቀቀው የሚል ሰምቼ ለቀቅሁ» የሚል ነው። «ማን ነው ያለህ?» ሲሉት «የፈሀድ ድምፅ መሰለኝ፤ ግን ሞተር ይጮህ ነበር፣ በሰው ልጅ ላይ አልምልም» አለ። ይህን የነገረኝ እዚያው ቆሞ የሰማ ዘበኛ ነው። እኔ ብሆን በእሱ ቦታ፣ እምል ነበር።

ሰኞ ሀብተ ሚካኤል ቤታችን ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጅሽ ለረህማ ብርቱካን ይዞ ነው የመጣው፣ ሲገባም ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እንድፈርምበት ወረቀት አወጣ። ከላይ ከፎቁ ማንም «ልቀቅ» የሚል ትእዛዝ አልሰጠም፤ ተጎጂውም ቀበቶውን በራሱ ፈቃድ ፈትቷል ይላል። ስለ እንጨቶቹ አንድ ቃል የለበትም። «ስማ ልጄ» አለኝ፣ «እህትህ ሰው አገር ናት፤ ባሏ ተኝቷል። አንተም ጣጣ ውስጥ ከገባህ እናትህንና ይህችን ልጅ ማን ያያቸዋል? ላቀው እንደሆነ ወጣት ነው፣ ይወጣዋል።» የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ወረቀቱ ነው ሐሰቱ። «ልየው» አልሁት። ፊርማውን የፊታችን ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊወስድ ይመጣል። ወረቀቱ አሁን ይህን ከምጽፍበት ደብተር ሥር አለ።

ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ጎንደር ወርጄ ሸሀቡ አልጋ ዳር ተቀመጥሁ። እማ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ሳምንት ሙሉ ያነቀኝን ጠየቅሁት። «ልቀቀው ስልህ ሰምተኸኛል?» አልሁት። «ሰምቼሃለሁ» አለ። «ታዲያ ለምን አልለቀቅህም?» አልሁት። ጣሪያውን እያየ «ከአጠገቤ ማን ነበር?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። አሰብሁ። ወርቄ ነበረች። ጎንበስ ብላ በአካፋ አርማታውን ታስተካክል ነበር፤ ጎማው መንቀጥቀጡን አላየችም። «ከእጄ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጠርገው እሷን ነው። ሦስት ልጅ አላት፣ አባት የላቸውም» አለ። ይህን ያለው ገበያ ደርሶ እንደመጣ ሰው በተራ ድምፅ ነው።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቃሌ ሳስብ ከርሜ ስለ ወርቄ አንድ ቀን አላሰብሁም። አጠገቧ ቆሜ አላየኋትም። እስካሁን ለእሷ አልነገርኋትም፤ ልንገራት ወይስ ይቅር፣ እሱንም አላውቅም።

ከዚያ «ታች የሰማው ላቀው ነው፤ በእኔ ቃል ነው የለቀቀው» አልሁት። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «ለፈይዛ አንተው ንገራት፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማ» አለኝ። «ለኮሚቴውስ?» አልሁት። «እሱን እኔን አትጠይቀኝ። ይልቅ ላቀው ስንቅ የሚያመላልስለት ሰው አለው ወይ? ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው» አለ።

ትናንት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽሮ ይዤ ጣቢያ ሄድሁ። ላቀው ጢሙ አድጎ ከስቷል። «የጮህከው አንተ ነህ ወይ?» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ሸሀቡ እንዴት ነው?» ብቻ አለኝ። በልቶ ዕቃውን ባዶውን መለሰልኝ። እኔ ደግሞ ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ እንጂ ማለት ያለብኝን አላልሁም። አንቺ ሳትሰሚ እሱ እንዲሰማ አልፈለግሁም፤ ይህም ሰበብ ከሆነ ሰበብ ነው።

እታለም፣ ወረቀቱን አልፈርምም። ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ «ልቀቀው» ብዬ የጮህሁት እኔ መሆኔን፣ ለማን እንዳልሁትና ታች ምን ሆኖ እንደተሰማ እናገራለሁ። እንጨቶቹን በማን ትእዛዝ፣ እነማን እንደነቀልናቸው፣ ገመዱ ስንት ሜትር እንደነበረም እናገራለሁ። ይህን በማድረጌ እኔ ልያዝ እችላለሁ፤ ሀብተ ሚካኤልም ጠላት ሊሆነን ይችላል። ፈቃድሽን ስጪኝ ብዬ ሸክሙን በአንቺ ላይ አልጭንም። አፉ በይኝም ገና አልልሽም፤ ባልሽ ሳይቆም እንዲህ ያለውን ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ከሌላ ሰው በፊት ከእኔ እንድትሰሚው ነው። ልትረግሚኝ ብትፈልጊም መብትሽ ነው፤ እሰማሻለሁ።

ልጅሽ ረህማ ደህና ናት። «አባቴ መቼ ይቀመጣል?» እያለች ትጠይቃለች፤ ትምህርቷን አላቋረጠችም። በናፍቆት ስማሻለች፤ ከወረቀቱ ጀርባ ስሟን በራሷ እጅ ጽፋለች፤ «ፈ» የምትመስለውን «ረ» አትሳቂባት። እማ ከጎንደር «ልጄ አታልቅሺ፣ ምግብ ብዪ፣ ዱዓ አድርጊ፤ እኔ ካጠገቡ አልነሣም» ብላሻለች። ሸሀቡ ሰላም ይልሻል፤ የሚልሽን ሌላ ነገር ራሱ ይነግርሻል፣ እኔን አላስጻፈኝም። ወርቄ አታውቂያትም፤ ቢሆንም «እህትህን ሰላም በልልኝ፣ በየኪዳነ ምሕረቱ አነሣታለሁ» ብላለች። ካንቺ ጋር ያሉትን የአገራችንን ልጆች በሙሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

ኮሚቴው የሚቀመጠው ማክሰኞ ኅዳር 16 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ላቀው ይፈታ ወይስ ይከሰስ፣ የሚወሰነው ያን ዕለት ነው ተብለናል፤ ቃሌን ከሰጠሁ የእኔም ነገር ያኔ ይታወቃል። ስልኬንና ረህማን ጠዋት ለወርቄ ሰጥቼ እገባለሁ። ከሰዓት በኋላ ደውዪ፤ እኔ ካላነሣሁት ወርቄ ታነሣዋለች።

ወንድምሽ ፈሀድ
ደባርቅ፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.